አንዴ ጠይቁ፣ አትለምኑ

ከሚሪያ ያን ዕለት ጠዋት ጀዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር የሄደችው ሙሸማ ልትገዛ ነበር። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ባለበት ቤት ሙሸማ የግድ ነው፤ ከአንሶላው ሥር ይነጠፍና ፍራሹን ከእርጥበት ያድናል። ባለሱቁ ጥቅሉን ሲዘረጋላት እሷ ጠርዙን በጣቶቿ እያሸች፣ «ይሄማ ገላ ያቃጥላል፤ ያንን ከላይ ያለውን አውርድልኝ» ስትል፣ ከኋላዋ አንድ ድምፅ መጣ።

«ሙዲራዋ! ሰውዬውን አታስለቅሺው እንጂ።»

ሙዲራ ማለት በዐረቦቹ አፍ ሴት ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው። ከሚሪያ በዚህ ስም ሲጠሯት የተቆጣች ትመስላለች እንጂ በሆዷ ደስ ይላታል። ዞር ስትል ጅብሪል ነው። መካ፣ ኩዳይ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብሯት ያደገ፣ አሁን የሑጃጆች አውቶቡስ የሚነዳ። የሐጅ ወራት ከገባ ጅብሪልን ቤቱ የሚያገኘው የለም፤ ከጀዳ መዲና፣ ከመዲና መካ ሲመላለስ እንቅልፉን እንኳ የሚተኛው እዚያው መሪው ሥር ነው።

«አለህ እንዴ? አውቶቡሱ ዋጠህ ብለን ነበር!»

«ውጦኝ ነበር። ዛሬ ፍሬኑ ሲበላሽ ተፋኝ፤ ጋራዥ አስገብቼው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። ቤት ሰላም ነው? እማማ ዘይቱናስ ደህና ናቸው?»

ጅብሪል ሳቀ። «እናቴን እኔን ትጠይቂኛለሽ? ያስረከብኩት ላንቺ አይደለም ወይ?»

ሰላምታ ነው እንግዲህ፤ አፍ ከለመደው ሳያስቡት ይወጣል። ግን የከሚሪያ ፊት ጋለ። የጅብሪል እናት እማማ ዘይቱና መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው፤ የሚጠብቃቸው ሰው የላከችውም እሷ ናት። ሙሸማውን ቶሎ ቶሎ ማጠፍ ጀመረች፤ ገና ያልገዛችውን ሙሸማ።

ጅብሪል ግን ሳቁ ቆመ። «እንዲያውም ልፈልግሽ ነበር። ባለፈው ጁምዓ በመንገዴ ብቅ ብዬ አይቻት ነበር። ከሚሪያ፣ እናቴ ከስታለች። ያ የብር አምባሯ ትዝ ይልሻል? በሳሙና እየተገፋ የሚገባው? አሁን እጇን ዝቅ ስታደርግ ወልቆ ይወድቃል።»

«ሐኪም አላያቸውም?»

«አየ እንጂ። በሽታ አላገኘሁም፣ እርጅና ነው ብሎ የኃይል ሽሮፕ ጻፈላት። አንቺ ግን ብዙ ሽማግሌና ብዙ አሮጊት አይተሻል። ነይና እያት። የምትሄድ ከሆነ እንደምትሄድ ልወቀው፤ ሐጅ ነው ሥራ ነው እያልኩ መንገድ ላይ እያለሁ እንዳላጣት።»

ይህን ሲል ወደ እሷ አላየም፤ ወደ ሙሸማው ነበር የሚያየው። «ያላ፣ አሁኑኑ እንሂድ» አለች ከሚሪያ።

ከጋራዡ በተዋሰው ፒክአፕ የመካን መንገድ ያዙ። ጅብሪል ሸክሙን ካራገፈ በኋላ ቀለል ብሎት ስለ አንድ ሐጂ ያወራላት ጀመር፤ ሻንጣውን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አልጭንም ብሎ ከጀዳ እስከ መካ ታቅፎት ስለተጓዘ ሐጂ። ከሚሪያ በየመሀሉ «ሱብሐነላህ» ትላለች እንጂ አትሰማውም። ሐሳቧ ኩዳይ ቀድሟታል።

ከሚሪያ እኮ ያደገችው ከእማማ ዘይቱና ትሪ ነው። ወላጆቿ እንደ ዘይቱና ከወሎ መጥተው መካ የቀሩ ነበሩ፤ እናቷ በልጅነቷ ሞተች፣ አባቷ የሑጃጆችን ሻንጣ ሲሸከም የሚውል ሰው ነበር። ቀትር ላይ ዘይቱና በሩ ላይ ቆማ ትጠራታለች። ከሚሪያ ደግሞ ዓይን አፋር ነበረች፤ «በልቻለሁ» ትላለች። ዘይቱና አገጯን ይዛ፣ «አፈር ስሆን» እያለች፣ ስትከለክላት እንደገና እያለች፣ በመጨረሻ አፏን ታስከፍታታለች። አድጋ ሰው ቤት መላክ ስትጀምር ደግሞ ቁጭ አድርጋ መከረቻት፦ «ሰው ቤት እህል ሲያቀርቡልሽ እንዳትሮጪበት። አንዴም ሁለቴም እምቢ በይ። ሲብስ፣ ሲለምኑሽ፣ ያኔ ትጎርሻለሽ። አለዚያ የተራበ ቤት ልጅ ናት ይሉሻል፤ እኔን ነው የምታሰድቢኝ።» ከሚሪያ ይህን ምክር እስከ ዛሬ አልረሳችውም። የረሳችው መቼ እንደሚያስፈልግ ነው።

ወደ ጀዳ የሄደችው ለሥራ ነበር። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ወለል ስታጸዳ፣ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ድነዋል ተብለው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ልጆቻቸው ግራ ሲጋቡ ታይ ነበር። መድኃኒቱን የሚሰጥ ሐኪም አለ፤ የሚያጥብ፣ የሚያገላብጥ፣ ማንኪያ የሚይዝ ሰው ግን የለም። አብዱልወሃብ የሚባል የጀዳ ነጋዴ እናቱን እንድትጠብቅለት ወሰዳት። እናቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ገላቸው ላይ አንዲት ቁስል ሳይወጣ አረፉ። ልጅየውም ውለታዋን አልረሳ፤ ከፊል የሚሉት የሕግ ዋስ ሆኖ በስሙ ፈቃድ አወጣላትና በግዳዲያ በሚባለው የጀዳ ሰፈር አንድ ፎቅ ቤት ተከራየችበት። በየበሽተኛው ቤት የምትልካቸውን ሴቶች ለማግኘት አልተቸገረችም። አገር ቤት በደርግ ጊዜ ሲታመስ ዑምራ ብለው የመጡ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው፣ ሥራ ያጡ ሴቶች በየዘመዱ ቤት ተጠግተው ነበር።

የጤና መሥሪያ ቤቱ ሰው መጥቶ ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ የነገራት አጭር ነው። መርፌ አትነኩም፤ ኪኒን አታዙም፤ ቁስል አታክሙም። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ማጫወት ነው ሥራችሁ። ከዚያ ካለፋችሁ ቤቱ ይዘጋል። ከሚሪያም ከዚያ ወዲህ ለትእዛዝ ያላት ፍቅር ሌላ ሆነ። አበሻው «የሰው ሽማግሌ አጣቢ» እያለ ሲያማት አንገቷን ደፍታ ኖራለችና፣ ለሴቶቹ ነጭ ጋውን አሰፋች፣ ጫማቸውን አንድ ዓይነት አደረገች፣ የሚገባበትን የሚወጣበትን ሥርዓት አበጀች። ጋውኑን ለብሰው በመንገድ ሲያልፉ የሚያያቸው ነርስ ናቸው ይላል፤ እሷም አላረመችም።

«አንዴ ጠይቁ፣ አትለምኑ» የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከረሺዳ በኋላ ነው። ረሺዳ ሆደ ሰፊ፣ ሳቂታ ሴት ናት። አንድ የጀዳ ሽማግሌ ዘንድ ተልካ፣ ሰውዬው «ኸላስ፣ አልፈልግም» ሲሏት፣ «ወላሂ ይቺን ብቻ!» ብላ እንደ አገሯ ወግ አጎረሰቻቸው። ትን አላቸው፤ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ቤቱ ተተራመሰ። ልጃቸው ለአብዱልወሃብ ደውላ፣ «አባቴ ሕፃን ነው እንዴ? አልፈልግም ሲል አይሰሙም?» ብላ ጮኸችበት። እሱም ከሚሪያን ጠርቶ፣ «እምቢ ያለ ሰው እምቢ ብሏል። ይህን ካላወቁ ስሜን አነሣለሁ» አላት።

በማግስቱ ሴቶቹን ሰብስባ፣ አልጋው ላይ ራሷ እንደ በሽተኛ ተኛችና ማሠልጠን ጀመረች።

«ጠይቁኝ።»

«ከሚሪያ፣ ትበያለሽ?» አለች ረሺዳ።

«አልበላም።»

«እንዴ፣ በሞቴ ትንሽ—»

«ወደቅሽ! አልበላም አልኩሽ እኮ። ትሪውን አንሺና ሂጂ።»

«ሰውን አንዴ ብሎ መተው እኮ ስድብ ነው።»

«የት ነው ስድብ የሚሆነው?»

«አገራችን ነዋ።»

«እዚህ አገራችን አይደለም። አልፈልግም ያለ አልፈለገም፤ ሥልጣኔ ማለት ይኼ ነው።»

«እንግዲህ እኔ ሳረጅ ሥልጣኔ በረኀብ ይጨርሰኛላ!» አለች ረሺዳ፤ ሁሉም ሳቁ። ከሚሪያም ተኝታ ሳቀች።

ያልሳቀችው ሸምሲያ ብቻ ነበረች። የደሴ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ አንዴ የተባለችውን ሁለተኛ የማታስነግር። ጅብሪል የሐጅ ወራት ሲመጣ «እናቴን አደራ» ያላት ጊዜ፣ ከሚሪያ ምርጧን ልስጣት ብላ ሸምሲያን ላከች። ልጅነቷን ላበላቻት ሴት የምትከፍለው ይህ ነው ብላ ኮራች። ራሷ ግን ከዚያ በኋላ ኩዳይ የረገጠችው አንድ ቀን ነው። ታክሲው በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። «እንዴት ናቸው?» አለች ከደጃፉ። «ደህና ናቸው» አለች ሸምሲያ። «ይበላሉ?» «ሲፈልጉ ይበላሉ።» ከመጋረጃው ወዲያ «ማናት? ከሚሪያ ናት?» የሚል ድምፅ ሰምታለች። «ሌላ ቀን በደንብ እመጣለሁ እማማ!» ብላ ጮኻ ወደ ታክሲዋ ተመለሰች። ሌላው ቀን ይኸው ዛሬ ሆነ።

ኩዳይ ሲደርሱ የቀትር አዛን ተብሎ ነበር። ሰግደው ገቡ።

ቤቱ ይመሰገናል። ወለሉ ያበራል፣ አንሶላው የዛሬ ነው፣ መስኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተሰቅሎ ነፋሱን ያቀዘቅዛል። ሸምሲያ በነጭ ጋውኗ እጇን አጣምራ ቆማለች። ከሚሪያ እንደ ሥራዋ ልማድ መጀመሪያ ጀርባቸውን አየች፤ አንዲት ቁስል የለም። ከዚያ ፊታቸውን አየች። ጉንጫቸው ገብቷል፤ የአንገታቸው አጥንት እንደ መስቀያ ሻሹን ተሸክሟል።

«መጣሽ ልጄ?» አሉ እማማ ዘይቱና። «ምነው ከሳሽ?»

«እኔ ነኝ የከሳሁት?» ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልመጣ አላት።

ሸምሲያ ምሳ አቀረበች፤ የበግ ሾርባና ለስላሳ ሩዝ፣ በትሪ። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ በሚያምር ትሕትና ጠየቀች።

«እማማ፣ ምሳ ደርሷል። ይበላሉ?»

«ጠግቤያለሁ ልጄ። ለእንግዶቹ ስጪልኝ።»

«እሺ እማማ።» ትሪውን አነሣች፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው፣ ወደ ማድ ቤት ይዛው ሄደች። ምንም ያጠፋችው የለም። እንደተማረችው ነው።

«አየሽ?» አለ ጅብሪል ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዲህ ናት። ነፍሷ እህል አልፈልግ ብላለች።»

ከሚሪያ ግን ጅብሪልን አልሰማችም። የምታየው የእማማ ዘይቱናን ዓይን ነበር። ዓይናቸው ትሪውን እስከ መጋረጃው ሸኘው፤ መጋረጃው ሲወድቅም ከዚያው አልተነሣም። ጉሮሯቸው ምራቅ ሲውጥ አየች።

መሬቱ ቢሰነጠቅ ትገባ ነበር። ያን ዓመት ወሎ በድርቅ ያልቅ ነበር፤ የበግዳዲያው ቤቷ መተላለፊያ ለወሎ በተሰበሰበ ልብስ ሞልቶ ሰው በጎን ነበር የሚያልፈው። ለማታውቀው ወሎ ልብስ ስትቋጥር፣ የምታውቃትን ወሎዬ መካ ላይ፣ ሩዝ በሞላበት ቤት፣ በነጭ ጋውን አስርባታለች።

ተነሥታ ማድ ቤት ገባች፣ ትሪውን ከሸምሲያ እጅ ወሰደች፣ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በሠራተኛዋ ፊት «እማማ»፣ «አንቱ» ስትል ቆይታለች፤ አሁን የልጅነቷ አፍ መጣ።

«እማ፣ ጉረሽልኝ።»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ አልኩሽ።»

«ይቺን ብቻ።»

«በነቢ ተይኝ ልጄ፣ ጠዋት በልቻለሁ። ይልቅ አንቺ ከመንገድ ነሽ።»

«አፈር ስሆን እማ! ካልጎረስሽ እኔም ዛሬ እህል አልቀምስም።»

እማማ ዘይቱና ቃተቱ፤ እንደ ተሸነፈ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁና አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ። ሁለተኛውን ስታቀርብ አልከለከሉም። ሦስተኛውን ዓይናቸው ቀደመው። ሾርባው አለቀ፤ ሩዙ አለቀ፤ ከሚሪያ ድስቱ ሥር የቀረውን ለመጨመር ስትነሣ የሳህኑን ጠርዝ በጣታቸው ይዘው አልለቀቁም። ክፍሉ ውስጥ ከማኘክ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

«ርቧት ነበር?» አለ ጅብሪል። ማንንም አልነበረም የጠየቀው። ራሱም መለሰ፤ «አንቺን ስላየች ይሆናል። የናፈቀችው ሰው ሲያጎርሳት…»

«ይሆናል» አለች ከሚሪያ።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ሸምሲያ መጋረጃውን ይዛ ቆማ ነበር፤ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ከሚሪያ ሳህኑን ይዛ ተከተለቻት።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅስ ነበር። «እናቴ ብትሆን እንዲህ አደርግ ነበር?» አለች። «ሁለተኛ መለመን እንዳለብኝ እኮ ልቤ ያውቀው ነበር። ትሪውን ባነሣሁ ቁጥር ያውቀው ነበር። ግን ወደቅሽ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ቤቱም በኔ ሰበብ ይዘጋል ብዬ።»

«አንቺ አይደለሽም።»

«አሁን "ይሆናል" አልሽዋ።»

ከሚሪያ ሳህኑን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ተመልሳ ወጣች። ጅብሪል እናቱ እግር ሥር ተቀምጦ አምባሩን በጣቱ ያሽከረክረዋል።

«ጅብሪል፣ በሽታ አይደለም፣ እርጅናም አይደለም» አለች። «ልጅቷን አንዴ ብቻ ጠይቂ፣ አትለምኚ ያልኳት እኔ ነኝ። እናትህ ሳይለመኑ የሚበሉ ሰው አለመሆናቸውን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። መጥቼ ባይ ኖሮ በአንድ ምሳ አውቀው ነበር። አልመጣሁም።»

ጅብሪል አምባሩን ማሽከርከሩን አቆመ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ብቅ ባልኩ ቁጥር ቆሜ ነው የሄድኩት» አለ። «አብሬያት አንድ ቀን አልበላሁም። ሸምሲያ ትቆይ፤ ንጹሕ ልጅ ናት። አንቺ ግን ከሚሪያ…» ጨርሶ አልተናገረውም። አምባሩን ፍራሹ ላይ አስቀምጦ ወደ ፒክአፑ ወጣ።

ከሚሪያ እማማ ዘይቱና እግር ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል፣ ከሻሹ ሥር የተቆጣ ድምፅ መጣ።

«ምን ነው ይኼ? በልጄ ፊት የተራብኩ አደረግሽኝ?»

«እማ፣ ይቅር በይኝ—»

«ማን ተራበ? አልራበኝም ነበር። አንቺ አፈር ስሆን ስላልሽኝ፣ ላንቺ ብዬ ነው የጎረስኩት።» ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ጎተቱት። «በዚህ ዕድሜዬ ሸምሲያ ፊት፣ ጅብሪል ፊት… ምነው ልጄ፣ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ?»

ከሚሪያ ከጎነበሰችበት ቀና አለች። ጥፋቷን ተናግራ ሸክሟን ልታቀል ነበር የመጣችው፤ ይቅርታዋ ራሱ እሳቸውን ሁለተኛ ጊዜ የሚያዋርድ ሆነ። ተሸክማው ከመሄድ ሌላ የምታደርገው የለም። «እውነትሽን ነው፣ ለኔ ብለሽ ነው» አለች። ከዚያ ለሸምሲያ፣ በጆሮዋ፣ እንዴት እንደምትለምን ነገረቻት፤ ጋውኑንም እዚህ ቤት አውልቂው አለቻት። ጀዳ ስትመለስ አልጋው ላይ ተኝታ ያስተማረችውን በምን አፏ እንደምታፈርስ፣ ረሺዳ ፊት ምን ብላ እንደምትቆም፣ ለአብዱልወሃብ ምን እንደምትለው ገና አላወቀችም።

ጅብሪል ከውጭ ጥሩምባ ነፋ። ከሚሪያ ጫማዋን አጠለቀችና በሩ ላይ ዞራ ቆመች። እማማ ዘይቱና ሻሻቸውን ከዓይናቸው ገለጥ አድርገው ያዩዋት ነበር፤ ቅድም ትሪውን ባዩበት ዓይን።

«ነገ ለምሳ እመጣለሁ እማ።»

«አይ ልጄ፣ አትድከሚ» አሉ። «ሥራ አለብሽ። እኔ ምንም አልጎደለብኝም።»